ሰው የሌለበት መንገድ

በእግር መሄድ ‹‹ሃይኪንግ›› የሚል ስም ከወጣለት ወዲህ ክብሩ ጨምሯል። ድሮ በእግሩ የሚሄድ ሰው መኪና ያጣ ሰው ነበር። አሁን ግን ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ተኮናትሮ፣ መቶና መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በመኪና ተጉዞ፣ እዚያ ሲደርስ በእግሩ የሚሄድ ሰው የሠለጠነ ሰው ነው። በበኩሌ አልቀየምም። ወንጪ ወርዶ የወጣ፣ ዝቋላ ጫፍ ላይ ቆሞ ትንፋሹን የሰበሰበ ወጣት፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሲያማ ከሚውለው እጅግ ይሻላል። ሐኪሞቹም ‹‹ተንቀሳቀሱ!›› እያሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ሲለፈልፉ ኖረዋል፤ ሰው ሰምቶ መራመድ ከጀመረ ምን ይከፋል?

የኔ ቅሬታ ከመራመዱ ጋር አይደለም። ከእቅዱ ጋር ነው።

እናላችሁ፣ የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ያዘጋጀውን ሁለት ገጽ ተኩል ወረቀት ይዞ መጣ። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ የቡሬ ሰው ስለሆኑ እስቲ ይዩልኝ፤ ሰላም ሲሆን የምንሄድበት ነው›› አለኝ። ርእሱ ‹‹የምዕራብ ጎጃም የከፍታ ጉዞ›› ይላል። ሃያ አራት ሰው፣ አምስት ቀን። የመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም (ፍኖተ ሰላም የተመረጠችው ሆቴል ስላላት ነው)፤ በማግስቱ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ በደንበጫ በኩል ወደ ደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት፤ ከዚያ በእግር የአመዳሚት ተራራ፤ ቀጥሎ ሰከላ፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ፤ በመጨረሻም በቲሊሊና በቡሬ አድርጎ ወደ ቤት። ‹‹የእግር ጉዞው መነሻ›› ከሚለው ቃል ሥር አስምረውበታል፦ ‹‹ጸጥ ያለ፣ ከፍ ያለ፣ ሰው የሌለበት››።

እውነቱን ለመናገር፣ በቁጥር በኩል ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አመዳሚት ደግሞ ከ3,600 ሜትር ያልፋል። ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ከታች በሸሚዝ የዋለ ሰው ከላይ አሥራ አንድ ዲግሪ የሚቀዘቅዝ አየር ይጠብቀዋል ብለው አስልተዋል። ናይስሚዝ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ቀመርም አግኝተውታል። ሜዳውን በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር አስብ፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር ነው የሚለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ጥሩ እንደሆነ፣ ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ሰው ‹‹ትንሽ ልታገሥ›› ሳይል መውረድ እንዳለበትም ጽፈዋል። ይህን ሁሉ ወድጄዋለሁ። ከክረምቱ ማግስት፣ ከጥቅምት ጀምሮ እንሂድ ማለታቸውም ትክክል ነው፤ በሐምሌ የጎጃም ጭቃ ጫማን ከነእግሩ የሚያስቀር ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ግን ጋቢ ይፈልጋል። ‹‹ቀላል ጃኬት›› የሚለውን ሰርዤ ‹‹ጋቢ›› ብዬ ጻፍኩበት።

ከአመዳሚት ግሽ ዓባይ በአንድ ቀን መድረስ የሚለው ትንሽ አስቆኛል። ካርታ ላይ በጣት ሲለካ ቅርብ ነው። በመካከል ያለውን ሸለቆና ወንዝ ካርታው በአንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር አልፎታል፤ የሚሻገረው ሰው ግን በመስመር አያልፈውም። የአገሬው ሰው ቢጠየቅ ‹‹እዚያች ጋራ ማዶ ነው፤ አለፍ ስትሉ ትደርሳላችሁ›› ይላል። የገበሬ ‹‹አለፍ ስትሉ›› ስንት ሰዓት እንደሆነ ናይስሚዝም አላሰላውም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ‹‹ሰው የሌለበት›› ያሉት ቦታ የት ነው?

የምዕራብ ጎጃም ደጋ ሰው የሌለበት ሆኖ አያውቅም። ገብሱ ተዘርቶ የሚታረመው፣ ድንቹ የሚቆፈረው በሰው ነው። ከተሜው አውቶቡስ ላይ ወርዶ ‹‹አቤት ጸጥታ!›› ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ ጉብታው ላይ ያለ በግ ጠባቂ ልጅ ቀድሞ አይቶታል። ለወዲያኛው እረኛ ጮሆ ነግሮታል፤ ያም ለወዲያኛው። ሃያ አራት ሰው ሰባራ ድልድይዋን ሳይሻገር ወሬው ቀበሌውን አዳርሷል። ጸጥ ያለው እንግዳው ስለማይሰማ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹‹ማንን ፈልጋችሁ ነው?›› በገጠር መንገድ ላይ ያለ ሰው ዘመድ ጥየቃ፣ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ጠበል ወይም ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ‹‹እንዲሁ ለመሄድ ነው የምንሄደው›› የሚል መልስ ጤነኛ አያስመስልም። በዚያ ላይ እጁ ላይ እየተመለከተ አቅጣጫ የሚያስተካክል መሣሪያ የያዘ ሰው ከሆነ፣ ነገሩ መሬት ልኬታ ይመስላል። በጎጃም ደግሞ መሬት ልኬታ ቀልድ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. አገሩ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ ደጋ ዳሞት ካመጹት አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ ሰውን ያስፈራው ግብሩ ብቻ ሳይሆን ‹‹ለክተው ርስታችንን ሊወስዱብን ነው›› የሚለው ስጋትም ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ስለ አማራ የመሬት ይዞታ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ ያጠናው እዚያው ደጋ ዳሞት ላይ ተቀምጦ ነው። ልጆቹ ‹‹ያልተነካ ተፈጥሮ›› ብለው የጻፉበት መሬት ማን ከየትኛው አያት በኩል እንደሚደርሰው እየተቆጠረ ብዙ ትውልድ የተሟገተበት መሬት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጄምስ ብሩስ ሳላነሳ አላልፍም። ብሩስ (እሱም ስኮትላንዳዊ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከኛ ተራራ ጋር ምን እንዳላቸው አላውቅም) ግሽ የደረሰው ኅዳር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ. ነው። ሲመለስ ምንጩን ያገኘሁት እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ግን ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1618 እ.ኤ.አ. እዚያው ቦታ ቆሟል። ብሩስ የፓኤዝን ነገር አጣጣለው፤ አብሮት የሄደውን ጣሊያናዊ ሰዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ከምንጩ ታሪክ ላይ አወጣው። በዚያ መንደር ተወልዶ፣ ከዚያ ውሃ ጠጥቶ ስላረጀው አገውማ ጨርሶ አይነሳም፤ እሱ ‹‹አላገኘውም››፤ ስለኖረበት። ‹‹ገና ያልታወቀ ድንቅ ቦታ›› እያሉ ፎቶ የሚለጥፉ የዛሬ ልጆች የብሩስ የልጅ ልጆች ይመስሉኛል።

ይሁን እንጂ ለብሩስ አንድ ነገር እሰጠዋለሁ። ሳያስፈቅድ አልሄደም። መንገዱ ላይ የዳሞቱን ገዥ ዋረኛ ፋሲልን አግኝቶ ደጅ ጠንቷል፤ ተቆጥቷል፣ ተቆጥተውታልም። በመጨረሻ ፋሲል ኮርቻና ልጓም እንደተደረገለት የራሱን ፈረስ ሰጠው። እንዲቀመጥበት አልነበረም። ፊት ፊት እየተነዳ እንዲሄድ ነው። ፈረሱን ያየ ሁሉ የማን እንግዳ እንደሚያልፍ ያውቃል፤ የሚነካ የለም። ግሽ ሲደርስ ደግሞ ሰዎቹ ጫማህን አውልቅ አሉት፤ አወለቀ። በባዶ እግሩ ቁልቁለቱን ሮጦ ወረደ። እንግዲህ የዚያ ትዕቢተኛ ሰውዬ እቅድ እንኳ ሁለት ነገር ነበረው፦ የሚያሳልፍ ሰውና የሚወልቅ ጫማ።

የእህቴ ልጅ እቅድ ሁለቱም የሉትም። ‹‹አራተኛ ቀን፦ ቁርስ 1፡30፤ ምንጩ ዘንድ መድረስ 4፡00›› ይላል። ግሽ ዓባይ እኮ ጠበል ነው! እህል ውሃ የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይቀርብም፤ ጫማም ይወልቃል። ሃያ አራቱ ሰዎች እንቁላል ፍርፍራቸውን በልተው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ተራምደው፣ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ‹‹ቀምሳችኋል?›› ይባላሉ። ዋሽተው እንዳይገቡ ነውር ነው፤ እውነቱን ተናግረው እንዳይመለሱ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ‹‹አባቶች፣ ልንመጣ ነው፤ ምን ይጠበቅብናል?›› ቢል በሁለት ደቂቃ የሚፈታ ነገር ነበር። ጥር 13 ቀን የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል እንደሆነና አገሩ በምእመን እንደሚሞላም ይነገራቸው ነበር። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ከዘመናት በኋላ ውሃው ሳያረጥብ መልሶላቸዋል የሚለው ትውፊት ለቦታው ስም ምን እንደሆነ የሚያጫውታቸው ቄስም ያገኙ ነበር። ደግሞ አርብ ማታ የበግ ጥብስ አቅደዋል። አርብ! በሰከላ! ማን ሊያርድላቸው ይሆን?

ወደ በጀቱ ስመጣ ነው እንግዲህ ሳቄ የጠፋው።

ቲሸርት ለሃያ አራት ሰው፣ ማሳተሚያውን ጨምሮ፤ አለ። የአውቶቡስ ኮንትራት አለ። የድምፅ ማጉያ አለ (ጸጥ ወዳለ ቦታ የሚወሰድ ድምፅ ማጉያ!)። ከዚያ ‹‹ማደሪያና መስተንግዶ፣ 3 ሌሊት›› ከሚለው ትይዩ ‹‹ወጪ የለም፤ የአካባቢው ሕዝብ እንግዳ ተቀባይ ነው›› ተብሎ ተጽፏል።

ልክ ነው፣ እንግዳ ተቀባይ ነው። ከደጅ ቆሞ ‹‹ቤቶች! ውሻ ያዙልን፤ የመሸብን እንግዶች ነን›› ያለ ሰው ‹‹ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ›› ሲባል ኖሯል። እግሩ ታጥቦ፣ ከልጆቹ ቀድሞ ቀርቦለት፣ መደብ ተለቅቆለት ያድራል። ይህ ልማድ ግን የተሠራው ለመሸበት ሰው ነው። አቅዶና አስልቶ፣ በቲሸርት ተመሳስሎ፣ በሃያ አራት ሆኖ እንዲመሽበት ላደረገ ሰው አልተሠራም። ሃያ አራት ሰው የሦስት ሌሊት ቀለብ ከአንድ ጎተራ ሲወጣ ምን እንደሚቀር ጎተራውን የሞላ ያውቃል። ባለቤቱ ‹‹አይበቃም›› አይልም፤ ነውር ነውና። እንጀራዋን የምትጋግረዋ እናት ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ ታድራለች፤ እሷም አትናገርም። እኛ ደግሞ ይህን ዝምታ ‹‹ፍቅር›› ብለን ቪዲዮ እንሠራበታለን። በደግነት ላይ በጀት ቆርጦ መምጣት ምን እንደሚባል ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ልጁ የእህቴ ልጅ ስለሆነ ነው የማልጽፈው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ አለ። በሰሜን ወሎ መቄት ላይ ‹‹ተስፋ›› በሚል ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ ገበሬዎቹ ራሳቸው ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው፣ ምግቡንም አስጎብኚነቱንም ጭነቱንም ራሳቸው ይዘው፣ እንግዳው ከፍሎ እንዲያድር አድርገውታል። እንግዳው ስንት ሆኖ መቼ እንደሚመጣ አስቀድመው ያውቃሉ፤ የአህያው ኪራይ ለባለ አህያው፣ የጎጆው ለማኅበሩ ይደርሳል። ደግነቱ በመከፈሉ አልጠፋም። ማንም ከልጁ አፍ ነጥቆ ያላቀረበው እንጀራ እንዲያውም ይጥማል።

አገሩ የራሱ ባለሙያ ተጓዦችም ነበሩት። የቆሎ ተማሪን ማለቴ ነው። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር ነው፤ ቅኔ ፍለጋ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞር ዕድሜውን የፈጀው ተማሪ ዱላና አኩፋዳ፣ ለምድና ጥቂት ቆሎ ይዞ ነው አገር ያካለለው። ልጆቻችን ‹‹የጉዞ መረጃ›› የሚሉት ነገር በሱ ዘንድ ነበር። የትኛው ወንዝ ከሰዓት በኋላ ይሞላል፣ የትኛው መንደር ውሻው ክፉ ነው፣ የትኛዋ እመት ለተማሪ እጇ አይታጠፍም፤ ይህን ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ ይቀባበለዋል። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን ያነበበ ሰው በዛብህ የማንኩሳ ልጅ እንደሆነ፣ ለትምህርት ዲማ ድረስ እንደሄደ ያስታውሳል። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ ዋናው አስፋልት ላይ ናት። የልጆቹ አውቶቡስ በእቅዱ መሠረት ሳይቆም ነው የሚያልፋት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ የሚጀምርባትን ከተማ ‹‹የሚታይ ነገር የላትም›› ብለዋታል። ቢያንስ ሻይ ይጠጡባት።

ከበጀቱ ትልቁ መስመር የትኛው እንደሆነ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ሆን ብዬ ነው። የድሮን ኪራይ ነው። ከላይ ሆኖ ተራራውን የሚቀርፀው።

ልጁ ክፋት የለውም፤ አዲስ አበባ ላይ ድሮን የሠርግ ዕቃ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ ዕለት፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ ከሰማይ የወረደው ግን ሠርግ ሊቀርፅ አልነበረም። ነዋሪዎች የድሮን ጥቃት ነው አሉ፤ ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ በወቅቱ ለዜና ወኪሎች ተናግረዋል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ ነበር። አዋጁ በ2016 ክረምት መግቢያ ላይ ጊዜው ሲያልፍ ተኩሱ አብሮት አላለፈም። እንግዲህ በዚያ አገር ከሰማይ ‹‹እዝዝዝ›› የሚል ድምፅ ሲመጣ ልጅ ወደ ቤት ይሮጣል፣ ወይም ከቤት ይሮጣል፤ የቱ እንደሚሻል የሚያውቅ የለም። በሬውን ከነቀንበሩ ጥሎ የሚሮጥ ሰው ነው ቪዲዮው ላይ የሚወጣው።

እዚያው አጠገብ በምሥራቅ ጎጃም፣ የጮቄ ተራራ ኢኮ መንደር በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጦ ነበር። ሰው ደስ አለው፤ እንግዳ ሊመጣ ነው ተባለ። ስምንት ወር እንኳ አልሞላም፣ መንገዱ ተዘጋ። አልጋ ያነጠፈው ባለ ሎጅ፣ በቅሎ የገዛው ገበሬ፣ እንግሊዝኛ ሲለማመድ የነበረው አስጎብኚ ልጅ ምን ላይ እንደወደቁ የሚጠይቅ እቅድ ነው የሚያስፈልገን። ‹‹ሰላም ሲሆን እንሄዳለን›› የምንል ሰዎች ሰላም ሲሆን ቀድመን የምናገኘው እነዚህን ነው። ተራራው ያለበት ነው፤ ውርጩም ያው ውርጭ ነው። ‹‹ማንን ፈልጋችሁ ነው?›› የሚለው ጥያቄ ግን ከበፊቱ ይልቅ ይከብዳል፤ የሚጠይቀው ሰው ወንድሙን ቀብሮ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ ያጨማለቅኩት። ድሮኑን ሰረዝኩ፤ ድምፅ ማጉያውንም። ሃያ አራቱን ስምንት አደረግኩት። በቲሸርቱ ገንዘብ ቦታ ‹‹ለማደሪያ፣ ለአህያ፣ ለመሪ፣ ለጋጋሪዋ›› ብዬ ጻፍኩ፤ ‹‹ለጋጋሪዋ›› የሚለውን ለብቻው፣ በእጇ የሚሰጥ። በዋረኛ ፋሲል ፈረስ ቦታ፦ ከወረዳው ደብዳቤ፣ ከቀበሌው ሰው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያው ተወልዶ አዲስ አበባ የሚኖር፣ እናቱን ሊጠይቅ የሚሄድ አንድ ልጅ ከፊት። ሲጠየቅ ‹‹የእገሌ ልጅ ነኝ፤ እነዚህ ጓደኞቼ ናቸው›› የሚል። አራተኛውን ቀን ቁርስ ወደ ከሰዓት አዛወርኩት። የአርቡን በግ ሽሮ አደረግኩት። ‹‹ሰው የሌለበት›› ከሚለው ላይ ‹‹የሌለበት››ን አጥፍቼ ‹‹ያለበት›› አልኩት። የመነሻው ቀን ባዶውን ነበር፤ እኔም ባዶውን ተውኩት።

በሶ በቀን ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ የሚለውን አልነካሁትም። እሱ ልክ ነው።